ውጅግራና ምንሽር ከሶር ማዶ

መቱ
ነሐሴ ፳፪ ቀን ፲፱፻፵፬ ዓ.ም.

ለልጄ ለፈንታሁን ዳምጤ
ቃኘው ሻለቃ፣ ኮርያ

ልጄ ፈንታሁን፣

ይህ ወረቀት ስንት ባሕር ተሻግሮ እጅህ እንደሚገባ ሳስበው ሰላምታዬ መንገድ ላይ የሚበርድ ይመስለኛል። ቢበርድም ደረትህ ላይ አሙቀው። እኔና እናትህ አለን። መቱም አለች፤ ጉም ውስጥ ሆና ነው እንጂ። ዝናቡ ከሰኔ ወዲህ እጁን አልሰበሰበም። ጠዋት በር ስከፍት የጎረቤታችን የግራዝማች ገብረ ሥላሴ ቤት አይታየኝም፤ ሳሉ ብቻ ከጉሙ ውስጥ እየተንከባለለ ይመጣል። አንዳንድ ቀን ከተማው ራሱ ተኝቶ ሕልም የሚያይ፣ እኛም በሕልሙ ውስጥ እንጨት የምንፈልጥና ገበያ የምንሄድ ሰዎች የሆንን ይመስለኛል።

አሁን ስማኝ። ተቀምጠህ ከሆነ ተነሥ። ወንድ ልጅ ወልደሃል!

ማን ነገረህ ትለኝ ይሆናል። ውጅግራ ነገረኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሚስትህ ዱሬቲ የመጀመሪያዋ ስለሆነ እናቷ ቤት ትውለድ ተባለና አባቷ ኩማ በሰኔ መጀመሪያ በበቅሎ መጥቶ ወሰዳት። እነሱ ከተሻገሩ በኋላ ሶር ሞልቶ የእንጨቱን ድልድይ ጠርጎት ሄደ። ይህ እንደማይቀር ኩማም እኔም እናውቅ ነበርና፣ ሊወስዳት በመጣ ዕለት በረንዳዬ ላይ ተቀምጠን ምልክት ተነጋገርን። ኩማ ሁለት ጠመንጃ እንዳለው ታውቃለህ፤ አንደኛው የአባቱ ውጅግራ፣ ሁለተኛው በሠርግህ ቀን እኔ የሰጠሁት ምንሽር ነው። ቤቱ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ጉብታው ላይ ስለሆነ ተኩሱ እዚህ ድረስ ይሰማል።

"ወንድ ከሆነ ውጅግራውን፣ ሴት ከሆነች ምንሽሩን አንድ ጊዜ ተኩስ" አልኩት።

ኩማ ጠንቃቃ ሰው ነው። ዱሬቲ እንዳትሰማ ዝቅ ብሎ፣ "ክፉ ቢመጣስ ኦቦ ዳምጤ?" አለኝ።

አማተብኩ። እሱው ራሱ፣ "እንግዲያ ሁለቱንም እተኩሳለሁ" አለ። በአገራችን ትልቅ ሐዘን ሲገባ በቤቱ ያለው መሣሪያ ሁሉ ይተኮስ የለ? እሱን ማለቱ ነው። "ዋቃ አይበለው" አለ፤ "እግዜር አይበለው" አልኩ። ቶሎ ሌላ ጨዋታ አነሣን። እናትህ ግን ከውስጥ ሆና ሰምታ ኖሮ፣ ሳይመሽ ምልክታችንን ሠፈሩ ሁሉ አወቀው። አንድ ጠመንጃ ደስታ፣ ሁለት ጠመንጃ ሐዘን።

ማክሰኞ ዕለት ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠናል፤ ግራዝማችና ሌሎችም ነበሩ። ዝናቡ ጋብ ብሎ ጉሙ ከወንዙ ላይ እየተነሣ ነበር። በዚያ መሃል ድም! አለ። እዚህ ደረቴ ላይ ነው የመታኝ። ያንን ድምፅ ተኝቼም አልስተውም። "ውጅግራ! ወንድ ነው!" ብዬ ከመቀመጫዬ ዘለልኩ። ከጉልበቴ ጋር ተቀያይመን እንዳልኖርን ዘለልኩ ስልህ!

እናትህ በሩ ላይ ወንፊት ይዛ ቆማ ነበር። ወንፊቱ ከእጇ ወደቀ። ግራዝማች እሷን አየ፣ እሷም ግራዝማችን አየችው። "ሰማችሁ? አንድ ነው! ውጅግራ ነው!" አልኩ ደግሜ።

"አዎ" አለች እናትህ ወንፊቱን እያነሣች፤ "እርስዎ ካሉ አንድ ነው።"

መቼም በዚህ ጉዳይ መቱ ውስጥ ከእኔ ቃል በላይ የለም። በሠርግም ሆነ በጥምቀት ከተራራ ማዶ ጠመንጃ ሲጮህ፣ "ጋሼ ዳምጤ፣ የማነው?" ብሎ የማይጠይቀኝ የለም። እኔም "ይሄ የእገሌ ለበን ነው፣ ያኛው የእገሌ ቤልጅግ" እላለሁ። በጠላት ጊዜ ጫካ ውስጥ ሳለን ወገንን ከጠላት የምለየው በዚሁ ጆሮ ነበር። እናትህ እልልታዋን ጀመረች፤ ግን መሃል ላይ ተቋረጠባት። ደስታ አንቋት ነው ብዬ ጀርባዋን መታ መታ አደረግኋት።

ጾሙም ተፈቷልና በዚያው ምሽት በግ አረድኩ። ከሁሩሙ ባመጣሁት ማር የተጣለውን ጠጅ ከፈትኩ። ጎረቤት አንድም ሳይቀር መጣ። ግን ልጄ፣ ሰዉን ምን ነካው? ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ዘፈን የሚያወጣ የለም። ግራዝማች አቅፎኝ አልለቅ አለ፤ ጉንጩ ርጥብ ነበር። "ዳምጤ፣ አይዞህ" አለኝ።

"ለልጅ ልጅም አይዞህ ይባላል እንዴ?" ብዬ ሳቅሁ። ብቻዬን ሳቅሁ።

ዝናብ እንዲህ ሲበዛ ሰው ይከብደዋል ብዬ አለፍኩት። ትንሽ ላነቃቃቸው ብዬ ያንተን ደብዳቤ አነሣሁ። አሜሪካኖች ኤም ዋን የሚባል ጠመንጃ ሰጡን ብለህ የጻፍክልኝን፣ "አባዬ፣ ከውጅግራና ከምንሽር ጋር አወዳድርልኝ፣ ጓዶቼ ያንተን ፍርድ እየጠበቁ ነው" ያልከኝን ነገርኳቸው። በዚያ ምሽት ለነሱ የፈረድኩትን ላንተም ልጻፍልህ።

ውጅግራ አንድ ጊዜ አንድ ጥይት ነው የሚጎርሰው። ጥይቷ አውራ ጣት ታክላለች። ስትተኩስ ትከሻህን እንደ በቅሎ ይረግጥሃል፤ ጭሱ ደግሞ ፊትህን ይሸፍነዋል፣ መምታትህንም መሳትህንም የምታውቀው ጭሱ ሲገለጥ ነው። ለጠላትም ያለህበትን ቦታ ያሳብቅብሃል። ስለዚህ ወጣቶቹ ይንቁታል። ግን በውጅግራ የሚተኩስ ሰው ያስባል። ያለችው አንዲት ናትና ቃታውን ከመሳቡ በፊት የሚተኩስበትን ሰው ፊት በደንብ ያያል። አንድ ጊዜ ከኖፓ በላይ መንገድ ዳር አድፍጠን ሳለ አንድ ጣልያን ብቻውን ውሃ ሊጠጣ ወረደ። አነጣጠርኩበት። ሳየው፣ ሳየው፣ ጢሙ ገና አልጠና፤ ውሃውን በእፍኙ እየያዘ ከራሱ ጋር የሚያወራ ልጅ ነው። ቃታውን ሳልስበው ቀረሁ። ምንሽር ይዤ ቢሆን ኖሮ ገድዬው ነበር፣ ዛሬም በሕልሜ ይመጣብኝ ነበር። አሁንም ይመጣል፤ ግን ውሃውን ጠጥቶ ነው የሚሄደው።

ምንሽር አምስት ይጎርሳል። ቀጭን ነው፣ ፈጣን ነው፣ ጭስ የለውም፣ ከወንዝ ማዶ ያለ ሰው ይደርስበታል። ድምፁ ደረቅ ቀርከሃ ሲሰነጠቅ ነው። ለበንም ቤልጅግም የእሱ ወገኖች ናቸው፤ መቀርቀሪያውን በእጅህ ትከፍታለህ፣ በእጅህ ትዘጋለህ። እንግዲህ በአንዱና በሁለተኛው ጥይት መካከል አንዲት ትንፋሽ አለች። ያቺ ትንፋሽ አጭር ናት፣ ግን በውስጧ ብዙ ነገር ይገባል። እናትህንና አንተን በእሷ ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳየኋችሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ያንተው ሦስተኛ ወገን ነው። ስምንት ይጎርሳል፣ ራሱ ይከፍታል፣ ራሱ ይዘጋል፣ አንተ ቃታ መሳብ ብቻ ነው። ሲጨርስ ደግሞ የጥይቶቹ ማቀፊያ ብረት ቅጭል ብላ ዘላ ትወጣለች ብለሃል። ለጦርነት የሱን ያህል እንደሌለ ሳላየው እመሰክራለሁ። አንተን ይዞልኝ የሚመለስ ከሆነ ስምንቱንም ይትፋው፣ እኔ ምን ገዶኝ! ግን ልጄ፣ ያቺ ትንፋሽ በውስጡ የለችም። እሷን ከራስህ ጨምርበት።

ይህን ስናገር እንግዶቹ ዓይናቸውን ከብርሌው አላነሡም። እናትህም ከጓዳ አልወጣች። ከዚያ ወዲህ ስትወጣ ስትገባ ዓይኗ ወደ ሶር ነው፤ የማላያት ሲመስላት ታለቅሳለች። ከማዶ ወደ ኩማ ቤት ሰው ሲጎርፍ አይታለች፤ እኔም "አራስ ጠያቂ ነዋ፣ ውሃው ሲጎድል አንቺም ሄደሽ ታቅፊዋለሽ" አልኳት። "እሺ" ብላ ፊቷን አዞረች። የልጅ ልጅ ናፍቆት እንዲህ የሚያደርግ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ፖስታ የሚያደርስልኝ ሰው ወደ ጎሬ ሊወጣ ነበር፤ ጭቃው በቅሎ አላስኬድ ስላለው ቀረ። ወረቀቱን እስከዚያ አስቀምጠዋለሁ።

ነሐሴ ፴ ቀን

ፈንታሁን፣ ከላይ የጻፍኩትን ልቀደው ነበር፤ እናትህ ተው አለችኝ። "እኛ በሄድንበት መንገድ እሱም ይሂድበት፣ መጨረሻው መልካም ነው" አለች። አትደንግጥ። መልካም ነው።

ውሃው ጎደል ሲል የዱሬቲ ወንድም ባጫ ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ አንድ ትልቅ ዛፍ ወንዙ ላይ ጣለ። እናትህ ይህን ስትሰማ፣ "እኔ ልሂድ፣ የእርስዎ ጉልበት አይችለውም" ብላ ሙዳይ ይዛ ተነሣች። የገንፎ ዱቄትና ቅቤ መሰለኝ። ግራዝማችና ሦስት አራት ሽማግሌዎች አብረዋት ተነሡ።

"ለአራስ ጥየቃ ይሄ ሁሉ ሽማግሌ ምን ያደርጋል?" አልኩት ግራዝማችን።

"መንገዱ ያዳልጣል" አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ሙዳዩ ውስጥ የነበረው የሐዘን ነጠላዋ ነው። ግንዱን ተሻግራ ከጨረሰች በኋላ አውጥታ አዘቀዘቀችው፣ ወገቧን ታጠቀች። ኩማ አጥር ሥር ስትደርስ፣ "ዱሬቲዬ! የልጄ አደራ! ለልጄ ምን ብዬ ልጻፍለት!" ብላ ለቀቀችው። ሽማግሌዎቹም ከኋላዋ ተቀበሏት። ኩማ ለእንግዳ የሚቀዳውን ጠጅ እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቆመ።

ይሄኔ ዱሬቲ ከአራስ ቤት ብድግ ብላ በባዶ እግሯ ወጣች። የሰማችው የአማቷን ለቅሶ ነው፤ ያየችው የተዘቀዘቀ ነጠላ ነው። ከኮርያ ሌላ ምን ትጠርጥር? "ፈንታሁን!" ብላ ጮኸች። "እማዬ፣ ፈንታሁን ምን ሆነብኝ?"

አንዷ የሞተችውን ልታለቅስ መጣች፣ ሞተች የተባለችው ደግሞ ላንተ ልታለቅስ ወጣች። እናትህ የምታለቅስላትን ሴት ቆማ ስታያት ተጠመጠመችባት። ሁለቱ መሬት ላይ ተያይዘው፣ አንዷ የሌላዋን ፊት እየዳሰሰች፣ አንተም በሕይወት እንዳለህ እሷም በሕይወት እንዳለች እስኪተማመኑ ድረስ ብዙ ቆዩ።

"ማል ታኤ? ምን ሆናችሁ ነው?" ይላል ኩማ።

"ሁለቱንም ተኮስክ እኮ!" አለው ግራዝማች።

"ታዲያ ሁለት ናቸዋ! ለኩ! መንታ! ለወንዱ ውጅግራ፣ ለሴቷ ምንሽር። እንዲህ አልነበር ያልነው?"

 ግራዝማች እንደሚለው ማን እንደጀመረው አይታወቅም፣ ሳቁ ተነሣ። ሁለት ሽማግሌ ተቀምጠን ለሞት ምልክት ስናበጅ፣ በዓለም ላይ መንታ የሚባል ነገር መኖሩን ረስተነው!

እናትህ በማግስቱ ተመልሳ ይህን ስትነግረኝ እኔም ሳቅሁ፤ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ወንድም ሴትም! ከዚያ አንድ ነገር ያዘኝ።

"ቆይ" አልኳት። "ምንሽሩ መቼ ተተኮሰ?"

 የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትል ጀመር።

"ወዲያው ነው። ከውጅግራው ቀጥሎ።"

"እኔ አልሰማሁም።"

"አውቃለሁ" አለችኝ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከባለፈው ጥምቀት በፊት። ጠዋት ወፎቹ ሲንጫጩ ቀና ማለት ሲተዉ ነው ያወቅሁት።"

ልጄ፣ እኔም እጠረጥር ነበር። ቀጫጭኑ ነገር ሁሉ ከዓለም ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋብኝ፣ የወፍ ድምፅ፣ የጀበና ክዳን፣ የልጆች ፉጨት፣ ጉሙ ነው የሚያፍነው እል ነበር። ባለፈው ጥምቀት "የማነው?" ብለው ሲጠይቁኝ ጭሱን አይቼ ነው የመለስኩት። ማንም የነቃብኝ አልመሰለኝም።

እንግዲህ ማክሰኞ ዕለት ሁለተኛውን ተኩስ ከእኔ በቀር ያልሰማው አልነበረም። ሁሉም ዱሬቲ ሞተች ብሎ ነበር። መርዶ ደግሞ እንደ ወሬ አይነገርም፤ ወንዙን ተሻግረው አጣርተው፣ ከቀብሩ በኋላ ማለዳ ተሰብስበው መጥተው ሊነግሩኝ ተማክረው ነበር። እስከዚያ ይደሰት ብለው ተዉኝ። ጠጄን የጠጡት ለቅሶ ተቀምጠው ነው። እኔ መሃላቸው ቆሜ ውጅግራንና ምንሽርን አወዳድራለሁ!

እናትህ ደግሞ ያን ሁሉ ቀን ጓዳ ውስጥ ብቻዋን አለቀሰችላት። አፏ ላይ ነጠላዋን ጠቅጥቃ ነው ያለቀሰችው። እንደማልሰማት እያወቀች አፏን አፈነች። ለምን እንዲህ አደረግሽ ስላት፣ "ቢሰሙኝስ ብዬ" አለች። ሃያ ምናምን ዓመት አብሬያት ኖሬ እንዲህ ያለች ሴት ቤቴ ውስጥ እንዳለች ያወቅሁት ትናንት ነው። እንዲህ እወዳታለሁ ብዬ አፍ አውጥቼ ተናግሬ አላውቅም፤ ለአንተ ጻፍኩት፣ አንተ ጻፍላት።

ትናንትና ጉልበቴን ረግሜ ግንዱን ተሻገርኩ። ባጫ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ይዘውኝ፣ ከሥሬ ውሃው እንደ ቡና ጠቁሮ ሲሄድ እያየሁ በአየር ላይ የምራመድ መሰለኝ። ዱሬቲ ደህና ናት፤ ትንሽ ከስታለች፣ ግን ትስቃለች። ወንዱን ሰጡኝ፤ ቁርጥ አንተን ነው፣ ግንባሩ ሳይቀር። ተኝቶ ነበር።

ከዚያ ሴቷን ሰጡኝ። ዓይኗን ጨፍና፣ ቡጢዋን ጨብጣ፣ አፏን እስከ ጥጉ ከፍታለች። ፊቷ ቀልቷል። ሰዉ ሁሉ፣ "ኧረ ትጮሃለች፣ ለእናቷ ስጧት" እያለ ነው፤ ከንፈራቸውን አየሁ። እኔ ምንም አልሰማሁም። ጉም ውስጥ የምትጮህ ልጅ ይዤ እንደ መቆም ነበር። መጀመሪያ ተኩሷን፣ አሁን ደግሞ ለቅሶዋን ሳልሰማት ቀረሁ። ሸሚዜን ከፈትኩና ደረቴ ላይ አስጠጋኋት።

ሰማኋት፣ ልጄ። በጆሮዬ አይደለም፤ ያ ውጅግራ በመታኝ ቦታ በአጥንቴ ገባች። ዝም እስክትል አልሰጠኋቸውም።

ስማቸውን አንተ ምረጥና ቶሎ ላክ። ወንዱ በአርባ ቀኑ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስለሚነሡ መንታ እንዴት ይደረጋል ተብሎ ግራዝማች ቄሱን ሊጠይቅ ሄዷል። ኩማ እስከዚያ ሴቷን "ምንሽር" እያለ ነው የሚጠራት፤ እናትህ ተቆጥታዋለች።

አሁን የጓዶችህን ፍርድ ልጨርስልህ። ከሦስቱ የቱ ይበልጣል ካሉህ፣ አባቴ የእኛን ኤም ዋን ለጦር ሜዳ፣ ምንሽሩን ለሰው ዓይን ማማሪያ፣ ውጅግራውን ለራሱ መረጠ በላቸው። ምክንያቱን ለነሱ አትንገራቸው፤ ላንተ ግን እነግርሃለሁ። ከኩማ ጋር ሌላ ምልክት ተነጋግረናል፤ በዚህኛው ለክፉ የሚሆን ምልክት አላበጀንም፣ እንዲነሣም አልፈቀድኩም። ኩማ አንድ የውጅግራ ጥይት ለይቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ እርጥበት እንዳይነካት ከምድጃው በላይ ሰቅሏታል። ያንተ ናት። የምትመለስ ቀን መጀመሪያ በእነሱ በኩል እለፍ፣ ልጆችህን ሳም፣ ከዚያ ጉብታው ላይ ቁምና ተኩሳት። ምንሽሩን እንዳታነሣው። እናትህም "ሁለቱንም ቢተኩስ በዱላ ነው የምቀበለው በሉት" ትላለች።

እኔ በረንዳው ላይ ነኝ። ከአሁን ወዲያ በዝናብም በፀሐይም ሸሚዜን ከፍቼ ነው የምቀመጠው።

ጥይት የሚስትህ፣ ብርድ የሚራራልህ ያድርግህ። የወጣህበት በር የምትገባበት ይሁን። የሶር ውሃ ጎድሎ ይጠብቅህ።

ያቺን አንዲት ድምፅ የሚጠብቅ አባትህ
ዳምጤ